በተማሪው አጠገብ የቆሙት ሐኪም፦ ፕሮፌሰር አስራት ወልደየስ

ፍኖተ ሰላምም ሁኑ ቡሬ፣ ወይ ደምበጫ፣ ስልካችሁን ከፍታችሁ ትንሽ ወረድ ካላችሁ የፕሮፌሰር አስራት ወልደየስ ፎቶ አያመልጣችሁም። ፕሮፋይሉ ያደረገው አለ፣ ቲሸርት ላይ ያሳተመው አለ፣ ግንቦት በመጣ ቁጥር ከሻማ ጋር የሚለጥፈው አለ። እስቲ ከፎቶው ስር ያለውን ጽሑፍ አንብቡት። አብዛኛው ስለ ፓርቲ ነው፣ ስለ ክስ ነው፣ ስለ እስር ነው። ልክ ነው፣ ይሄም ሕይወታቸው ነው። ግን ቁጭ ብለን ብናሰላው በፖለቲካ አደባባይ የቆዩት ከ1983 እስከ 1986 ዓ.ም. ነው፤ ሦስት ዓመት ያህል። ሐኪምና የሐኪም አስተማሪ ሆነው የኖሩት ግን ከ35 ዓመት በላይ ነው።

ዛሬ የምንጽፈው ስለዚህኛው ነው። ምክንያትም አለን። በእኛ አካባቢ ሆስፒታል ተኝቶ ነጭ ጋውን በለበሱ ወጣቶች ያልተከበበ ሰው ጥቂት ነው። አንዱ ይጠይቃል፣ አንዷ ሆድ ትዳስሳለች፣ አንዱ ይጽፋል። ከገጠር የመጣ አባት እሺ ብሎ ይተኛል፤ በልቡ ግን ይሄ ልጅ ተማሪ ነው ወይስ ሐኪም፣ ቢሳሳትስ ማን ያየዋል እያለ ያስባል። ጥያቄው የአላዋቂ ጥያቄ አይደለም። የሕክምና ትምህርት ሁሉ ያለው እዚህ ጥያቄ ውስጥ ነው። በኢትዮጵያ ይህን ጥያቄ በሥራ ከመለሱት የመጀመሪያዎቹ ሰዎች አንዱ ደግሞ እኚህ የፎቶው ሰውዬ ናቸው።

አስራት የተወለዱት በሰኔ 1920 ዓ.ም. አዲስ አበባ ነው። ጣሊያን አገሩን ሲይዝ ገና ልጅ ነበሩ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ በተካሄደው ጭፍጨፋ አባታቸው አቶ ወልደየስ አልታዬ ተገደሉ። ልጁ ስምንት ዓመቱ ነበር። ከዚያ በኋላ ያደጉት ድሬዳዋ በዘመድ እጅ ነው።

ጣሊያን ሲወጣ አዲስ አበባ ተመልሰው ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ገቡ። እዚህ ላይ አንዲት ነገር ጣል እናድርግ፤ የዚህ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ኃላፊ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ነበሩ። በመቅደላው ጦርነት ጊዜ በሕፃንነታቸው በእንግሊዞች ተወስደው ሕንድ አገር ያደጉ፣ በዘመናዊ ሕክምና የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሐኪም የሚባሉት እሳቸው ናቸው። ላሆር ተምረው ስኮትላንድም ሄደው ትምህርታቸውን አዳብረዋል። አስራትም በኋላ መንገዳቸው ወደዚያው ስኮትላንድ ሆነ። መጀመሪያ ግብፅ፣ እስክንድርያ፣ ቪክቶሪያ ኮሌጅ የሚባለው ትምህርት ቤት ተማሩ፤ ከዚያ ለሕክምና ኤደንብራ ዩኒቨርሲቲ ገቡ።

ኤደንብራ ስንል ዝም ብለን አናልፍም። ሸርሎክ ሆምስን በፊልም ያላየ ከእናንተ መካከል ማን አለ? የሰው ጫማ አይቶ ከየት እንደመጣ የሚያውቀውን መርማሪ ማለታችን ነው። ያንን ገጸ ባሕርይ የፈጠረው አርተር ኮናን ዶይል ኤደንብራ የሕክምና ተማሪ ነበር። ሆምስን የሳለው ደግሞ ከራሱ አስተማሪ ከዶክተር ጆሴፍ ቤል ተነስቶ ነው። ቤል ቀዶ ሐኪም ነበሩ። ታማሚው አፉን ሳይከፍት አካሄዱን፣ እጁን፣ ልብሱን አይተው ሥራውንና የመጣበትን ይናገሩ ነበር። ይሄ ለትርዒት አልነበረም። ተማሪዎቻቸው ከመጠየቃቸው በፊት ማየት እንዲለምዱ ነበር።

ወደ እኛ ሲመጣ ይሄ ምን ማለት መሰላችሁ? ቀይ አፈር ላይ ዕድሜውን ሙሉ በባዶ እግሩ ያረሰ ገበሬ ሳል ይዞት ሆስፒታል መጣ እንበል። የሚያይ ተማሪ ሳሉን ብቻ አይሰማም፤ እግሩ ማበጥ መጀመሩን፣ ዝሆኔ የሚባለው በሽታ ገና እየመጣ መሆኑን ያያል፤ ያኔ እግር በማጠብና ጫማ በማድረግ መግታት ይቻላል። የማያይ ተማሪ የሳል መድኃኒት ጽፎ ይሸኘዋል። ሁለቱም አንድ መጽሐፍ አንብበዋል። ልዩነቱ አንደኛው ሲሠራ አጠገቡ ቆሞ እግሩንስ አየኸው ያለው ሰው ነበረ፤ ሌላኛው አልነበረውም።

አስራት ኤደንብራን ሐኪም ሆነው የጨረሱት በ1948 ዓ.ም. ገደማ ነው። እዚያው መቅረት ይችሉ ነበር። ተመለሱ። የገቡት ልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል ነው፣ ዛሬ ጦር ኃይሎች የምንለው። ጥቂት ዓመት ሠርተው እንደገና ኤደንብራ ሄዱና ቀዶ ሕክምና ተማሩ፤ የንጉሣዊው የቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ አባል ሆነው ተመለሱ። ለዚህ ነው የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ቀዶ ሐኪም ተብለው የሚጠሩት።

ያን ጊዜ ኢትዮጵያ ውስጥ ሐኪም የሚያሠለጥን ዩኒቨርሲቲ አልነበረም። ጎበዝ ተማሪ ቤይሩት ወይም አውሮፓ ይላክ ነበር። የሆስፒታሎቹ ሐኪሞች አብዛኞቹ የውጭ ዜጎች ነበሩ። የጎጃም ገበሬ ትርፍ አንጀቱ ቢቆጣ ወይ ይድናል ወይ ይሞታል፣ በቃ። አዲስ አበባ እስኪደርስ ከፍኖተ ሰላም ከ380 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ መሐሉ ላይ ደግሞ ዓባይ በረሃ አለ። በ1950ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ፋኩልቲ ሲመሠረት ከመሥራቾቹ አንዱ አስራት ነበሩ። ፕሮፌሰር ሆኑ፣ በኋላም የፋኩልቲው ዲን ሆኑ። የንጉሡም የግል ሐኪም ነበሩ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ቀዶ ሕክምና እንዴት ነው የሚማሩት?

ብዙዎቻችን የሚመስለን ተማሪው ወፍራም መጽሐፍ ያነባል፣ ፈተና ያልፋል፣ ከዚያ ምላጭ ይይዛል። እንደዚያ አይደለም። መጀመሪያ ቆሞ ያያል። ከዚያ እጁን ታጥቦ ይገባና መሣሪያ ይይዛል፣ ሥጋ ለቀቅ አድርጎ ይይዛል፣ ክር ይቆርጣል። ከዚያ ቆዳ ይሰፋል። ከዚያ አንድ ቀን መምህሩ ቦታ ይቀይርና ምላጩን ለተማሪው ይሰጣል፤ ራሱ የረዳት ቦታ ይቆማል። ከውጭ ስታዩት ተማሪው ነው የሚሠራው፣ መምህሩ ሥራ የፈታ ይመስላል። በዚያ ክፍል ውስጥ ከሁሉ በላይ የሚሠራው ግን መምህሩ ነው። የተማሪው እጅ ወዴት ሊሄድ እንደሆነ እጁ ከመሄዱ በፊት ማወቅ አለበት። መቼ ዝም እንደሚል፣ መቼ ቁም እንደሚል፣ መቼ ምላጩን መልሶ እንደሚቀበል ማወቅ አለበት። ቶሎ ከቀማው ተማሪው አይለምድም፤ ዘግይቶ ከቀማው ሰው ይሞታል። አዲስ አበባ ላይ ይህን ቦታ ለመጀመሪያ ጊዜ ከያዙት ኢትዮጵያውያን ፊተኛው ፕሮፌሰር አስራት ናቸው።

አልጋ አጠገብ ያለው ትምህርትም ያው ነው። ተማሪዎቹ ባድሳይድ ይሉታል። አንድ ምሳሌ እንስጣችሁ፣ ሆድ ሕመም። ተማሪው ከታማሚው በስተቀኝ ይቆማል፣ እጁን ያሞቃል፣ ቀስ ብሎ ሆድ ይዳስሳል። ዓይኑስ የት ነው? ጀማሪ ሁሉ የሚያየው የራሱን እጅ ነው። መታየት ያለበት ግን የታማሚው ፊት ነው፤ የሚያመው ቦታ ሲነካ ግንባሩ ይኮሳተራልና። የእኛ ገበሬ ደግሞ አመመኝ ብሎ መጮህ ነውር ይመስለዋል፣ ጥርሱን ነክሶ ዝም ይላል። ፊቱን ያላየ ተማሪ ሆዱ ደህና ነው ብሎ ካርድ ላይ ይጽፋል። ይሄ ስህተት በወረቀት ፈተና አይገኝም። ተማሪው ራሱም አያውቀውም፣ ምክንያቱም አላየም። ሊያርመው የሚችለው በዚያች ደቂቃ አጠገቡ ቆሞ የተማሪውን ዓይን ያየ ሰው ብቻ ነው።

እዚህ ላይ የእኛን ሐሳብ ጣል እናድርግ። ፊድባክ ሲባል አገራችን ውስጥ ሁለት ዓይነት በሽታ አለ። አንዱ ራውንድ ላይ በሃያ ሰው ፊት፣ ታማሚው እየሰማ፣ ተማሪን ማዋረድ ነው። የተዋረደ ልጅ የሚማረው አንድ ነገር ነው፤ የማያውቀውን መደበቅ። ሁለተኛው ደግሞ ጎበዝ፣ በርታ ብሎ ማለፍ ነው። ይሄኛው ደስ ይላል፣ ግን ባዶ ነው። የሚጠቅመው እጅህ ልክ ነበር፣ ዓይንህ ግን ፊቱን አላየም፣ አሁን ድገመው የሚለው ነው። ያየውን ይናገራል፣ ያላየውን አይጨምርም፣ ተማሪው ሳይውል ሳያድር እንዲደግመው ዕድል ይሰጣል።

ያየኸውን ተናገር፣ ያላየኸውን አትፈርም። ይሄ ሕግ በአልጋ አጠገብ ብቻ የሚሠራ እንዳይመስላችሁ። በነሐሴ 1967 ዓ.ም. ንጉሡ በደርግ እጅ እያሉ ሞቱ። መንግሥት ያወጣው መግለጫ ቀደም ሲል ካደረጉት የፕሮስቴት ቀዶ ሕክምና ጋር በተያያዘ ችግር እንደሞቱ የሚል ነበር። ሐኪማቸው አስራት ግን እንዲህ ያለ ችግር አልተከሰተም ብለው የመንግሥትን ቃል አልተቀበሉም። ያን ዘመን አስቡት። ስልሳዎቹ ባለሥልጣናት ከተረሸኑ ዓመት አልሞላም። አንድ ሐኪም ዝም ቢል ማንም አይፈርድበትም ነበር። እሳቸው ግን የታማሚያቸውን ሁኔታ ያውቁ ነበር፤ ባላዩት ነገር ስማቸውን አላስገቡም። ከዓመታት በኋላ ንጉሡ በሰው እጅ መገደላቸው በፍርድ ቤት ጭምር ተሰምቷል።

ይገርማል፣ ከዚያ በኋላም አገር ጥለው አልሄዱም። የደርግን ዘመን ሙሉ ጥቁር አንበሳ ሠሩ፣ አስተማሩ። በ1970ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ስፔሻሊስት ማሠልጠን ሲጀመር ከግንባር ቀደሞቹ አንዱ ነበሩ። ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም። ከዚያ በፊት ቀዶ ሐኪም መሆን የሚፈልግ ሁሉ ውጭ መሄድ ነበረበት፤ ከሄዱት ብዙዎቹ ቀሩ። የተመለሰውም የተማረው በሌላ አገር ታማሚ ላይ ነው። እንግሊዝ አገር የሠለጠነ ሐኪም የእኛን ደጋ ሰው አንጀት መጠምዘዝ፣ ወይም አንገት ላይ ተንጠልጥሎ እስትንፋስ የሚያስጨንቅ የጎጃም እንቅርት ስንቴ ያጋጥመዋል? አገር ውስጥ የተማረ ግን በየሳምንቱ ያየዋል፣ ያውም የሚያርመው ሰው አጠገቡ ቆሞ።

ቀሪውን ታውቁታላችሁ፤ ስለዚህ ፈጠን እንበል። በሰኔ 1983 ዓ.ም. ኢሕአዴግ በጠራው ጉባኤ ላይ ዩኒቨርሲቲውን ወክለው ተገኙና ኤርትራን የሚመለከተውን ውሳኔ በግልጽ ተቃወሙ። በ1984 ዓ.ም. የመላው አማራ ሕዝብ ድርጅት ሲመሠረት ሊቀ መንበር ሆኑ። በፖለቲካቸው የሚስማማም የማይስማማም አለ፣ እሱን ለሌላ ቀን እንተወው። እኛን ለዛሬ የሚያሳስበን በሚያዝያ 1985 ዓ.ም. የሆነው ነው።

በዚያ ወር አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከ40 በላይ መምህራኑን አባረረ። ከነሱ አንዱ ፕሮፌሰር አስራት ነበሩ። ስለዚህ ነገር ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚነሳው የመምህራኑ መብት ነው፣ ተገቢ ነው። ግን የሕክምና ትምህርትን ስታስቡት ሌላም ነገር አለ። የታሪክ ወይም የሒሳብ መምህር ሲባረር መጽሐፉ ይቀራል። ቀዶ ሐኪም ሲባረር ከጠረጴዛው ማዶ የሚቆመው ሰው ይጎድላል። ከኤደንብራ ጀምሮ በሺህ የሚቆጠር ሆድ ያየ ዓይን ነው የሚወጣው። ተማሪው እጁ ወደ ተሳሳተ ቦታ ሲሄድ ቁም የሚለው ድምፅ ነው የሚጠፋው። ይሄ ደግሞ በማስታወቂያ የሚተካ አይደለም፤ አንድ እንዲህ ያለ ሰው ለመሥራት ሠላሳ ዓመት ይፈጃል። የኪሳራው ተካፋይ ስማቸውን ሰምቶ የማያውቅ፣ ፖለቲካ የማያገባው፣ ጃቢ ጠህናን ወይ ወንበርማ ውስጥ አንጀቱ የተጠመዘዘበት ገበሬም ነው።

በሰኔ 1986 ዓ.ም. ታሰሩ። ሁከት በማነሳሳት ተከሰው ሁለት ዓመት ተፈረደባቸው፤ ሳይፈቱ ሌላ ክስና ሌላ ፍርድ ተጨመረ፣ ደብረ ብርሃን ላይ አድርገውታል የተባለው ንግግርም በክስ ውስጥ ነበረ። አምነስቲ ኢንተርናሽናል የኅሊና እስረኛ ብሏቸው ነበር። እስር ቤት ውስጥ ታመሙ። የልብና የሌላም በሽታ ያለበት ሰው ምን እንደሚያስፈልገው ከማንም በላይ የሚያውቁት እሳቸው ራሳቸው ነበሩ። በታኅሣሥ 1991 ዓ.ም. ለሕክምና ተለቀው አሜሪካ ሄዱ። ግንቦት 6 ቀን 1991 ዓ.ም. ፊላደልፊያ፣ የፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ውስጥ አረፉ። 70 ዓመታቸው ነበር። አስከሬናቸው መጥቶ አዲስ አበባ ተቀበረ።

ሞታቸው ከሆነ ወዲህ ብዙ ነገር ተቀይሯል። ያን ጊዜ በአገሪቱ የነበሩት የታወቁት የሕክምና ትምህርት ቤቶች ሦስት ነበሩ፤ አዲስ አበባ፣ ጎንደርና ጅማ። ዛሬ ከ20 በላይ ናቸው፣ ደብረ ማርቆስም ባሕር ዳርም አለ። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ደግሞ የጤና ሳይንስ ካምፓሱን በስማቸው አስራት ወልደየስ ብሎታል። በ2002 ዓ.ም. ገደማ የተጀመረ ሌላም ነገር አለ፤ ጤና መኮንኖችን ለሦስት ዓመት አሠልጥኖ ድንገተኛ ቀዶ ሕክምናና የወሊድ ኦፕሬሽን እንዲሠሩ ወደ ገጠር ሆስፒታሎች መላክ። ዛሬ በወረዳ ሆስፒታል በኦፕሬሽን የወለደች እኅት ያለችው ሰው፣ ያዋለዳት እንዲህ ያለ ባለሙያ ሊሆን ይችላል። ዓባይን ሳትሻገር።

ፈተናውም ተቀይሯል። ስኮትላንድ ውስጥ፣ ደንዲ ላይ፣ ሮናልድ ሃርደን የሚባል መምህር በ1975 እ.ኤ.አ. አዲስ የፈተና ዓይነት አስተዋወቀ። ተማሪው ከጣቢያ ጣቢያ እየዞረ፣ በእያንዳንዱ ላይ አንድ ነገር እየሠራ፣ ፈታኙ እያየ ነጥብ ይሰጣል። የእኛዎቹ ተማሪዎች ኦስኪ እያሉ የሚፈሩት እሱን ነው። ጥሩ ነው። ግን ኦስኪ የፈተና ቀን ነው። ዓመቱን ሙሉ ያላየኸውን ልጅ በፈተና ቀን ስምንት ደቂቃ ብታየው ማጣራት እንጂ ማስተማር አይሆንም።

ተማሪ በዝቶ መምህር ካልበዛ ምን ይሆናል? ኢንተርኖችን ስናነጋግር የሚነግሩን ተመሳሳይ ነው፤ የትኛው ሆስፒታል እንደሆነ አንጠቅስም። ሎግ ቡክ የሚባል ደብተር አለ። ተማሪው ያየውንና የሠራውን ይመዘግባል፣ ያየው ሲኒየር ይፈርማል። አንዳንድ ቦታ የሦስት ወሩ ፊርማ በአንድ ከሰዓት በኋላ ያልቃል። ሲኒየሩ ክፉ ሆኖ አይደለም። አንድ ነው፣ ተማሪው ሠላሳ ነው፣ ተመላላሽ ክፍል ደጃፍ ላይ ከሌሊቱ ጀምሮ የተሰለፈ ሰው አለ፣ ኦፕሬሽን ክፍል ሌላ ይጠብቀዋል። ስለዚህ ያላየውን ይፈርማል። የልጁም እጅ ሳይታይ ይመረቃል። ይሄ ፊርማ ነው በኋላ ሌሊት በስምንት ሰዓት፣ መብራት ጠፍቶ፣ ብቻውን ተረኛ ሆኖ የሚያገኘው።

መፍትሔው ሁሉ ገንዘብ አይጠይቅም። አንድ ሲኒየር በቀን አንድ ተማሪ፣ አንድ ታማሚ፣ አሥር ደቂቃ ቆሞ ቢያይና ሁለት ነገር ቢነግረው በወር ውስጥ ሠላሳውንም አየ ማለት ነው። ብዙ አገሮች ይህንኑ በአጭር ቅጽ ይሠሩታል፤ ቅጹ አንድ ገጽ ነው። ትልልቆቹ ተማሪዎችም ታናናሾቻቸውን ማየት ይችላሉ።

ከቡሬ ገጠር አባታችሁን ይዛችሁ የምትመጡትም ከዚህ ውጭ አይደላችሁም። የሚመረምረው ልጅ ስሙንና ተማሪ መሆኑን መናገር አለበት። ካልተናገረ በትሕትና ጠይቁት። የሚያየው ሐኪም ማን እንደሆነም ጠይቁ፣ ነውር አይደለም። ተማሪውን አታባርሩት፤ ነገ ልጃችሁን የሚያክመው እሱ ነው፣ የሚማረውም ከእናንተ አባት ነው። ሆዱን ሲዳስስ ግን አባታችሁ ጥርሱን ነክሶ ዝም እንዳይል ንገሩት። ካመመው አመመኝ ይበል።